ለእረፍት ጎንደር ለምትመጡ ተማሪዎች
አሜሪካ እየተማራችሁ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ጎንደር ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አይ-20ን (ትምህርት ቤታችሁ የሰጣችሁን የተማሪነት ሰነድ) አውጡና ሁለተኛውን ገጽ እዩት። ወጥቶ ለመመለስ የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቱ የጉዞ ፊርማ እዚያ ነው። ትምህርት ላይ ላለ ተማሪ 1 ዓመት ያገለግላል፤ ኦፒቲ (ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ፈቃድ) ላይ ላለ ግን 6 ወር ብቻ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ለእረፍት ሳይዘጋ አስፈርሙ።

ዋናው ግን ቪዛው ነው። የሚያበቃበትን ቀን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ስንት ጊዜ እንደሚያስገባም ተጽፎበታል። «ኤም» ካለ ደጋግሞ ያስገባል። «1» ካለና አንዴ ከገባችሁበት አብቅቷል፤ ለመመለስ አዲስ ያስፈልጋችኋል። እሱ ደግሞ የሚጠየቀው አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ጥምቀትን ፋሲለደስ ሳላከብር አልሄድም የምትሉ በተለይ፣ ቀጠሮውን አስቀድማችሁ ያዙ።

ፓስፖርቱንና አይ-20ውን ደግሞ በእጅ ቦርሳ እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፤ ስትመለሱ አሜሪካ መግቢያ ኬላው ላይ ይጠየቃል።