በሰፈራችሁ የነዳጅ ቧንቧ ሊያልፍ ነው ሲባል፦ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለት በፊት እንዴት እንደሚመዘን

ወሬው መጀመሪያ የሚመጣው በጎረቤት አፍ ነው። «ቧንቧ ሊያልፍ ነው አሉ።» በሳምንቱ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ልማት ነው» ይላል፣ ግማሹ «ልንቃጠል ነው» ይላል።

እኔ ከሁለተኞቹ ነበርኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነስቼ ስለ ጋዝ ፍንዳታ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩ። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የእሳት ፎቶ ሁሉ ስልኬን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ በትዕግስት አስጨርሶኝ፣ «ወንድሜ፣ የእኛ ቧንቧ እኮ ጋዝ አይደለም። ቤንዚንና ናፍጣ ነው» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ደህና ጥያቄ ሳነሳ እንኳ ጆሮ የሰጠኝ አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

1. በቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚያልፍ እወቁ

የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ይቀላል። ካመለጠ ወደ ላይ ይወጣል። ክፉነቱ ግፊቱና እሳቱ ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ ጉድጓድ፣ ምድር ቤትና የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ይተኛል። ከፈሰሰበት ርቆም እሳት ካገኘ ይያያዛል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም፤ አፈርና ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ማጽዳቱ የዓመታት ሥራ ነው።

ደግሞም በአንድ ቧንቧ ቤንዚንም ናፍጣም የአውሮፕላን ነዳጅም ተራ በተራ ሊገፋ ይችላል። «ናፍጣ ነው» ቢሏችሁ፣ «ወደፊትስ?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

2. ትክክለኛዎቹን ወረቀቶች ጠይቁ

የዛፍና የሕፃናት ፎቶ ያለበትን በራሪ ወረቀት ተዉት። የሚያስፈልጓችሁ አራት ናቸው፦ የመስመሩ ዝርዝር ካርታ፣ ቧንቧው የት ወጥቶ የት እንደሚወርድ የሚያሳየው የከፍታ ሥዕል፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ሙሉ ሰነድ (አጭሩ ማጠቃለያ አይበቃም) እና የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ። ማመልከቻችሁን ቀንና ፊርማ አኑሩበት፤ ቅጂውንም ያዙ።

3. ነዳጁ ቢፈስ የት እንደሚሄድ ፈልጉ

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «ከቤቴ ስንት ሜትር ይርቃል?» ብሎ ነው። እኔም ካርታው ላይ ማስመሪያ አስቀምጬ ለካሁ፤ ራቅ ያለ መሰለኝና ተረጋጋሁ። ያነቁኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ናቸው። ካርታውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። «ልጄ፣ ሲዘንብ ውሃው በየት ነው የሚሄደው? ነዳጁም በዚያው ነው የሚሄደው» አሉኝ።

እውነት ነው። ፈሳሽ በማስመሪያ አይሄድም። ቧንቧው ከሰፈሩ በላይ ባለው ኮረብታ ጥግ ነበር የሚያልፈው። ከዚያ የሚወርደው የጎርፍ ቦይ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይገባል። በማስመሪያ ከቧንቧው የራቀው ትምህርት ቤት፣ በቦዩ በኩል ግን ነዳጁ ቀጥታ በሩ ላይ የሚደርስበት ነበር።

በዓለም ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤሊንግሃም ከተማ፣ ከተሰበረ ቧንቧ ወደ 900,000 ሊትር ቤንዚን ወንዝ ውስጥ ገባ። እሳቱ የተነሳው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ የውሃውን መስመር ተከትሎ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነደደ። ሁለት የ10 ዓመት ልጆችና አንድ ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት ሞቱ። በመስከረም 2011 (በፈረንጆቹ) ናይሮቢ ውስጥ ሲናይ በተባለው ሰፈር የሆነውም እንዲሁ ነው። ነዳጅ ከቧንቧ አምልጦ በፍሳሽ ቦይ ወርዶ ቤቶች መሃል ደረሰ። ሰው ሊቀዳ ወጣ። ከዚያ ተቀጣጠለ። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ።

ስለዚህ ዝናብ በደንብ በሚጥልበት ቀን ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ቧንቧው ከሚያልፍበት ቦታ ጀምራችሁ ውሃውን ተከተሉት። በየት ቱቦ ገባ? የማን ጓሮ ውስጥ ተኛ? የትኛው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ አለፈ? በስልካችሁ እየቀረጻችሁ ሂዱ። የሳተላይት ካርታ አይበቃም፤ የመንገድ ሥር ቱቦ ከሰማይ አይታይም።

ቀጥሎ መጠኑን አስሉ። ካልኩሌተር ይበቃል። የቧንቧውን የውስጥ ስፋት (የአፉን ከዳር እስከ ዳር) በሜትር ያዙ፣ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ0.785 አባዙት። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ከሆነ 0.3 ሲባዛ በ0.3፣ 0.09 ይሆናል። በ0.785 ሲባዛ 0.0707 ገደማ ነው። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ሜትር 70 ሊትር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 70,000 ሊትር ነዳጅ ተኝቷል ማለት ነው።

አሁን ካርታው ላይ የመዝጊያ ቫልቮቹን ፈልጉ። በሁለት ቫልቮች መካከል 15 ኪሎ ሜትር ካለ፣ በመካከላቸው ከ1,000,000 ሊትር በላይ አለ። ሁሉም አይፈስም፤ ቧንቧው ከተሰበረበት ቦታ በላይ ከፍ ብሎ ያለው ነው በዋናነት የሚወርደው። የከፍታውን ሥዕል ያስፈለገን ለዚህ ነው። ሰፈራችሁ ሥዕሉ ላይ ሸለቆ ሆኖ ከታየ፣ ከሁለቱም በኩል ወደ እናንተ ነው የሚንቆረቆረው። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነበር። ይህን ቁጥር ይዤ ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ስነሳ የሳቀ ሰው አልነበረም። መሐንዲሱም ማስታወሻውን አወጣ።

4. «አስተማማኝ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ

መልሱ «አዎ» ነው። ሁሌም «አዎ» ነው። በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ።

ለምሳሌ፦ «የመፍሰስ መቆጣጠሪያችሁ የሚነቃው ስንት ሲጎድል ነው?» የተለመደው አሠራር የገባውንና የወጣውን ማነጻጸር ነው፤ ትንሽ ልዩነት ደግሞ ከቁጥር አይገባም። በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የሚገፋ ቧንቧ ከዚያ ውስጥ 1 በመቶ ቢያፈስና ባይታወቅ፣ በቀን 72,000 ሊትር አፈር ጠጣ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ እዚያው ፊታቸው ሥሩት።

«ፓምፑን የሚያቆመው ማነው? በስንት ደቂቃ?» የሚለውም አይቅር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሚሺጋን ውስጥ፣ ማርሻል አጠገብ፣ የድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ተሰብሮ የማስጠንቀቂያ ደወሉ ሲጮህ፣ ተቆጣጣሪዎቹ የግፊት ችግር መስሏቸው ፓምፑን ሁለት ጊዜ መልሰው አስነሱት። እስኪዘጋ 17 ሰዓት ፈጀ። መሣሪያው ደውሎ ነበር፤ ያላመነው ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ኮምፒዩተሩ ዘመናዊነት ሲያወሩላችሁ፣ ስለ ተረኛው ሠራተኛ ጠይቁ።

ቧንቧውን ከውስጥ እየተጓዘ የሚመረምረውን መሣሪያ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚያስገቡም ጠይቁ። ባለሙያዎቹ «ፒግ» ይሉታል፤ አሳማ ማለት ነው። ስሙ ያስቃል እንጂ ዝገትንና ጭረትን ቀድሞ በማግኘት የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ጥልቀቱም አለ። ቧንቧን ከሚጎዱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የሌላ ሰው ቁፋሮ ነው። የቤሊንግሃሙ ቧንቧ ከመሰበሩ ከዓመታት በፊት በአቅራቢያው በነበረ ግንባታ ተቧጭሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ቤልጂየም ውስጥ ጊለንጊን ላይ 24 ሰው የገደለው የጋዝ ፍንዳታም በግንባታ ማሽን ከተጎዳ ቧንቧ ነው የመጣው። ዛሬ አንድ ሜትር የተቀበረ ቧንቧ ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ ከአሥር ዓመት በኋላ ግማሽ ሜትር ላይ ሊገኝ ይችላል። ማን እየመጣ ነው የሚለካው?

5. የመሬቱን ውል ሳታነቡ አትፈርሙ

ካሳው ስንት ነው የሚለውን ማንም አይረሳም። የሚረሳው ሌላው ነው። «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቧንቧ» የሚል ሐረግ ካለ፣ ነገ ሁለተኛ ቢቀብሩ አዲስ ካሳ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። በመሬታችሁ የማለፍ መብቱን ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ ይችላሉ? በመስመሩ ላይ ቤት መሥራት፣ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ መትከል ይከለክላል? ቧንቧው አገልግሎቱን ሲጨርስ ማነው የሚያወጣው? የሕግ ባለሙያ ያንብበው። ከሁሉ በፊት ገንዘብ አውጡበት ብዬ የምመክረው ይህን ነው።

6. ቧንቧው ቢቀር ምን ይመጣል?

ይህን ክፍል ተቃዋሚዎች አይወዱትም፤ እኔም አልወደድኩትም ነበር። ነዳጁ ለማንኛውም መምጣቱ አይቀርም። በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የሚገፋ ቧንቧ በ20 ሰዓት 6,000,000 ሊትር ያደርሳል። አንድ ቦቴ 40,000 ሊትር ቢጭን፣ ይህ በቀን 150 ቦቴ ነው። ቦቴ ይገለበጣል፣ ሰው ይገጫል፣ ግን ሲፈስ የሚፈሰው የጫነው ያህል ነው። ቧንቧ የሚፈሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲፈስ ግን ብዙ ነው። ቦቴዎቹ በእናንተ መንገድ የሚያልፉ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ቧንቧው ሊያደላ ይችላል። ከእናንተ ርቆ በሌላ አውራ ጎዳና የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የሌላውን ሸክም እናንተ ልትሸከሙ ነው። ያም ቢሆን ሦስተኛ መንገድ አለ፦ መስመሩ ከሰፈሩ በታች ቢያልፍስ? ወይም ከሸለቆው በላይ በሁለቱም በኩል ቫልቭ ቢጨመርስ? እኛ በመጨረሻ የጠየቅነው ይህን ነው። «አይለፍ» ከሚለው ጩኸት ይልቅ ይህ ነው መልስ ያገኘው።

7. አቋማችሁንና ጥያቄያችሁን የምትገልጹበትን ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር

የጉድጓዶቻችሁን ውሃ ቁፋሮ ሳይጀመር በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ቤንዚን ውስጥ ላለው «benzene» ለተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ያህል በአፍንጫም በምላስም አይታወቅም። የቀድሞው ውጤት በእጃችሁ ከሌለ፣ ኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይሏችኋል።

ሁለተኛው፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር ይሰጧችኋል፤ «24 ሰዓት ይሠራል» ይላሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደውላችሁ ሞክሩት። እኛ ስንደውል ረጅም ጊዜ ጠራና አንድ ጥበቃ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ አነሳው። «ቢሮ ጠዋት ነው የሚከፈተው» አለን። ደብዳቤያችንን የጀመርነው ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰን በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው።