የ22 ካሊበር ጠመንጃ ቦልት ሲከብድ

የ22 ካሊበር ጠመንጃችሁ ቦልት (ጥይት የሚያስገባውና ከኋላ የሚዘጋው ባለእጀታ ብረት) አልነሳ እያለ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ካዝናውን አውጡና ጎሬው (ጥይቱ የሚተኮስበት ቦታ) ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። የዚህ ጥይት እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ በሰም ስለሚለበጥ፣ ሰሙ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ተደባልቆ በቦልቱ መሄጃ ላይ ይጋገራል፤ ብዙ ጊዜም የሚያከብደው ይህ እድፍ እንጂ ብረቱ አይደለም።

ተወልውሎም ካልለሰለሰ፣ ለምሳሌ እንደ ቼኩ ሲዜድ 457 ባሉት ላይ እጀታው በ60 ዲግሪ ብቻ ተነስቶ የመምቻውን (ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰውን ብረት) ሞላ ስለሚጨምቅ፣ መምቻው በሚንሸራተትበት ዘወርዋራ የቦልቱ ጠርዝ ላይ ስስ ግራሶ መቀባት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህም ካልበቃ ቦልቱን በማርከር አጥቁራችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉት፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ የሚፋተገው ነውና፣ እሱን ብቻ የብረት ማወልወያ ቅባት በነካ ጨርቅ አለስልሱት። ሞረድ ፈጽሞ አታስጠጉ፤ ምላጩ የሚይዘውን ጠርዝና ቦልቱ የሚቆለፍበትን ገጽ ከነካችሁ ጠመንጃው ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችላልና ይህን ለባለሙያ ተዉት። የማወልወያው ቅባት ቦልቱ ላይ ከቀረ ብረቱን መብላቱን ስለሚቀጥል፣ ከመግጠማችሁ በፊት አጥርታችሁ እጠቡት።