ፖርቱ ይታያል፤ ማይክሮኮንትሮለሩስ አለ?

ሐዋሳ ውስጥ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘው ከሚመጡ ተማሪዎች በብዛት የምሰማው አቤቱታ "ፕሮግራሙ ተገናኝቷል ይላል፣ ቦርዱ ግን አይመልስም" የሚል ነው። በኮምፒውተሩና በማይክሮኮንትሮለሩ (የጻፋችሁትን ኮድ በቦርዱ ላይ በሚያስኬደው ዋና ቺፕ) መካከል ሌላ ቺፕ አለ። እንደ አርዱይኖ ኡኖ ባሉ ቦርዶች ላይ ሲሪያል ፖርቱን (መረጃ የሚላክበትንና የሚመጣበትን በር) ለኮምፒውተሩ የሚያሳየው ይህ የዩኤስቢ መለወጫ ነው። ዋናውን ቺፕ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ብታወጡት እንኳ ፖርቱ መታየቱን አያቆምም። ስለዚህ ፖርት መገኘቱ ብቻውን ማይክሮኮንትሮለሩ ለመገናኘቱ ማስረጃ አይሆንም።

የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ፖርት ግን የለም

መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። አንዳንድ የስልክ ቻርጀር ገመዶች የኃይል ሽቦ እንጂ የመረጃ ሽቦ የላቸውም። በዚያው ገመድ ስልክ ሰክታችሁ ፋይሎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ካልታዩ ገመዱን ቀይሩ።

ገመዱ ደህና ከሆነ ወደ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ መለወጫውን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሶፍትዌር) እለፉ። በዋጋ ርካሽ በሆኑት ቦርዶች ላይ በብዛት የምታገኙት መለወጫ ሲኤች 340 ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ካለበት የቺፑን ድራይቨር ጫኑ። በኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ሊጠፋ ይችላል፤ የብሬል ማሳያዎችን የሚያስተናግደው አገልግሎት የራሱ መሣሪያ መስሎት ይወስደዋል። ብዙ መመሪያዎች አገልግሎቱን አጥፉት ይላሉ። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ግን እባካችሁ አታጥፉት፤ ዓይነ ስውር ተማሪ ሊጠቀምበት ይችላል። አገልግሎቱ ይህን ቺፕ እንዲወስድ የሚያዘውን ደንብ ብቻ መሰረዝ ይበቃል።

ፖርቱ አለ፣ አልከፈት ይላል

በሊኑክስ ተጠቃሚውን ዳያልአውት በሚባለው (ሲሪያል ፖርት ለመክፈት ፈቃድ ባለው) ቡድን ውስጥ አስገቡና ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። በዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ፖርቱን የያዘው ሳይዘጋ የቀረ ሲሪያል ሞኒተር (ከቦርዱ የሚመጣውን ጽሑፍ የሚያሳይ መስኮት) ነው።

ይከፈታል፣ መልስ ግን የለም

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ኡኖ ፖርቱ በተከፈተ ቁጥር ዲቲአር በተባለው መስመር ምክንያት እንደገና ይነሳል። በሚነሳበት ጊዜ የሚሠራው ቡትሎደሩ (አዲስ ኮድ የሚቀበለው የመነሻ ፕሮግራም) ስለሆነ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራማችሁ በዚያች ቅጽበት የሚልከው ጥያቄ ባክኖ ይቀራል። ፖርቱን ከከፈታችሁ በኋላ 2 ሰከንድ ጠብቁ፣ የተጠራቀመውን አጽዱ፣ ከዚያ አንድ ፊደል ላኩ። ቦርዱም ያንን ፊደል ሲቀበል የራሱን ስምና የፕሮግራሙን የእትም ቁጥር እንዲመልስ አድርጋችሁ ጻፉት። ትክክለኛው ስም ከመጣ ተገናኝቷል ማለት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በፊት አትበሉ። የማይነበብ ቁርጥራጭ ከመጣ የመላኪያ ፍጥነቱ አልገጠመም፤ አንዱ በሰከንድ በ9600 ቢት ሌላው በ115200 እየሠራ ይሆናል።

አሁንም ዝም ካለ ጥፋቱን እንዲህ ለዩት። በኡኖ ላይ ሪሴት የተባለውን ፒን ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር በሽቦ አገናኙ፤ ዋናው ቺፕ ከሥራ ይወጣል። ከዚያ ፒን 0ን ከፒን 1 ጋር አገናኝታችሁ ጽሑፍ ላኩ። የላካችሁት ተመልሶ ከመጣ ገመዱም መለወጫውም ጤነኛ ናቸው፤ ፍለጋችሁን በዋናው ቺፕ ወይም በጻፋችሁት ኮድ ላይ አድርጉ።

ትናንት ኮም 3፣ ዛሬ ኮም 5

ብዙዎቹ ሲኤች 340 ቺፖች መለያ ቁጥር የላቸውም፤ ስለዚህ ዊንዶውስ የሚለያቸው በተሰኩበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ሲቀየር ለፖርቱ የሚሰጠው የኮም ቁጥርም ይቀየራል። የኮም ቁጥር ኮዱ ውስጥ አትጻፉ። ፓይሲሪያል የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ያሉትን ፖርቶች ከአምራችና ከምርት ቁጥራቸው ጋር ይዘረዝራል። ሁለት ተመሳሳይ ቦርዶች ከተሰኩ ግን ይህም አይለያቸውም፤ ስማቸውን መጠየቅ ግድ ነው።

በሥራ መሃል ይጠፋል

ሞተር ወይም ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲነሳ የሚጠፋ ከሆነ ኃይል አንሶታል። መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። ለሞተሩ የራሱን የኃይል ምንጭ ስጡት፤ ግራውንዶቹን ግን አንድ አድርጉ። ፕሮግራሙ መጥፋቱን እንዲያውቅ ቦርዱ በየሰከንዱ አጭር ምልክት ይላክ፤ ምልክቱ ለ3 ሰከንድ ከተቋረጠ ፖርቱን ዝጉና ፍለጋውን ከስም ጥያቄው ጋር እንደ አዲስ ጀምሩ።