ወደ ራስ ደጀን ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የወቅት ስህተቶች

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ ማደሪያ ሰፈሮች በኩል ራስ ደጀን የሚያደርሰው መንገድ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቅምት ላይ በለምለም ሣር መሐል የሚያልፈው የእግር መንገድ ነሐሴ ላይ ማጥ ነበር። ጥር ሲነጋ በረዶ ይይዘዋል፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይከዳል። የሚለየውም በወር ብቻ አይደለም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የራስ ደጀን ጫፍ 4,533 ሜትር ነው (የቆዩ መጻሕፍትና ካርታዎች 4,620 ይላሉ)። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ 15 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያውም ነፋሱ ሳይቆጠር። ብዙው ችግር የሚመጣው ተጓዡ ወሩን ብቻ ጠይቆ፣ ከፍታውንና ሰዓቱን ሳይጠይቅ ሲነሳ ነው።

መስቀል ስላለፈ መንገዱ ደርቋል ማለት

ዋናው ዝናብ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይበረታሉ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ቶሎ ይጠራል፤ መሬቱ ግን አብሮት አይደርቅም። ከ3,000 ሜትር በላይ ጓሳ የሚባለው ሣር የበቀለበት አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ጥቁርና ልል ነው። የበሰበሰ ሣር ስለበዛበት ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ፀሐይ በማያገኘው ገጽ ላይ ጭቃው እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ሊቆይ ይችላል። በተለይ ወደ ጅንባር ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት፣ ከወንዙ ወደ ግጭ የሚያወጣው ዳገትና የግጭ ሜዳ ዘግይተው ይደርቃሉ።

ሰው የሚሳሳተው ጫማውን ላለማቆሸሽ ሲል ነው። ጭቃውን ሸሽቶ በዳር ባለው ሣር ላይ ይሄዳል። ሣሩ ግን ያዘነበለ ነው፤ ከሥሩም ድጥ አለ፤ ስለዚህ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። ጭቃውን መሐል ለመሐል ማለፍ ይሻላል፤ ቢያንሸራትትም የሚያወድቀው እዚያው ነው። ሌላም ጉዳት አለው፦ ዳር ዳሩ ሲረገጥ ሣሩ ይሞታል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ያንን ተከትሎ አፈሩን ይጠርጋል። መንገዱ የሚያልፍበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ቦታ ነው፤ ሣሩ ሊታሰብለት ይገባል።

በበቅሎ ኮቴ የተላጨ ጥቁር ድንጋይ ሲረጥብ ደግሞ ከጭቃውም የባሰ ነው። በጣት ወይም በተረከዝ ሳይሆን በሙሉ የእግር መዳፍ ይርገጡ፤ እርምጃ ያሳጥሩ፤ በቁልቁለት ምርኩዙን ከእግርዎ ቀድመው ይትከሉ። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው ይሁን። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ይሂዱበት።

ወር መምረጥ ከቻሉ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለውን ይምረጡ። ጭቃው ያልቃል፣ ምንጩ ገና አይነጥፍም፣ ጉሙም ይቀንሳል፤ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት ያኔ ነው።

ወንዙን በጠዋት መልኩ መገመት

ከጨነቅ፣ ከራስ ደጀን በፊት የመጨረሻው ማደሪያ ወደሆነው አምቢቆ የሚወስደው ቀን ከሁሉም ይከብዳል። ከ3,620 ሜትር ተነስተው የቧሂት ተራራን ማለፊያ በ4,200 ሜትር ገደማ ይሻገራሉ፤ ከዚያ በጭሮ ለባ መንደር በኩል እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ፤ ከወንዙ ደግሞ ወደ አምቢቆ 400 ሜትር ያህል ይወጣሉ። በሚመለሱበት ቀን ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ይሆናል። ኪሎ ሜትሩን ብቻ ቆጥሮ «አጭር ነው» ያለ ሰው ወንዙ ጋ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው።

በክረምት ይህ መዘግየት አደገኛ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጥላል። ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ላይ የዘነበው ውሃ በአጭር ጊዜ ታች ይደርሳል። እርስዎ የቆሙበት ቦታ ፀሐይ ሆኖ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ወይም ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ደራሽ እየመጣ ስለሆነ ወዲያው ከዳርቻው ወደ ከፍታ ይውጡ። ከጉልበት በላይ የሆነና የሚፈጥን ውሃ አይሻገሩ። መሻገር የሚቻል ሲሆን የጀርባ ሻንጣዎን የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፍቱ፤ ቢወድቁ ሻንጣው ይዞዎት እንዳይሄድ። ጫማ አያውልቁ፤ ባዶ እግር በድንጋይ መሐል ይቀረቀራል። ፊትዎን ወደ ላይኛው ውሃ አዙረው በጎን በጎን ይራመዱ።

ቶሎ የሞላ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጎድላል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥቂት ሰዓታት መጠበቅ ወይም እዚያው ዳር፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደር በቂ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው በክረምት ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚበቃ ምግብ የሚያዘው። በሁሉም ወቅት ግን ከጨነቅ ለመነሳት ከጠዋቱ 12 ሰዓት አይለፉ። ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች ሰዓቱ በአበሻ ይሁን በፈረንጅ ከአስጎብኚውና ከበቅሎ ነጂው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ «10 ሰዓት» ሌሊት ነው ወይስ ጠዋት የሚለው ግራ መጋባት የጫፉን ቀን ያበላሻል።

እሜት ጎጎ ከሰዓት በኋላ መድረስ

እሜት ጎጎ ግጭ አቅራቢያ 3,926 ሜትር ላይ፣ በሦስት ጎኑ ገደል ያለው ጉብታ ነው። ጠዋት እጅግ ያምራል። ከረፋዱ በኋላ ግን የቆላው ሙቅ አየር ገደሉን ይዞ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። በክረምት ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ በበልጉም፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ ተደጋግሞ ይመጣል። በግጭ ሜዳ ላይ የከብትና የሰው ዱካ ስለሚጣመር ጉም ውስጥ ትክክለኛውን መለየት ይከብዳል። ካርታውን ደባርቅ ሳሉ ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ ወደ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ጉሙ ከያዘዎ ዱካ አይፈልጉ፤ ተሰባስበው ይቁሙ፣ እስኪገለጥ ይጠብቁ።

አፋፉ ላይ ሣሩ ከገደሉ ዳር አልፎ ሊንጠለጠል፣ ከሥሩም ባዶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ለማንሳትም ቢሆን ከአምስት ሜትር አይቅረቡ፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከዚያም ይራቁ። ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነው፤ ከጉብታው ወዲያው ይውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍና ከረጅም ጅብራ (ከፍ ብሎ ከሚቆመው የደጋ ተክል) ይራቁ፣ ተበታትነው ይቀመጡ። የጅንባርን ፏፏቴ ሌላ ቀን ማየት ይቻላል፤ እሜት ጎጎን ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይድረሱበት።

የቀኑን ፀሐይ አይቶ የሌሊቱን ብርድ መርሳት

በጣም የሚበርደው ክረምቱ ይመስላል፤ የሚበርደው ግን በጋው ነው። በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት በሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። ግጭና ጨነቅ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሲነጋ ድንኳኑ ላይ አመዳይ ይታያል፣ የጠርሙስ ውሃም ይረጋል። ለገና ወይም ለጥምቀት ጎንደር መጥተው በዚያው ወደ ተራራው የሚወጡ ሰዎች የሚያገኛቸው ይህ ነው፤ ቀን በቲሸርት ሄደው ሌሊቱን በቀጭን ብርድ ልብስ ይንቀጠቀጣሉ።

የመኝታ ከረጢት ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ከአንድ በላይ ቁጥር ያያሉ፤ አንዱ ተመችቶ የሚያስተኛው፣ ሌላው በሕይወት የሚያቆየው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከዜሮ በታች 5 ወይም ከዚያ የሚወርድ ይሁን። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽም እኩል ያስፈልጋል፤ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ ከረጢቱ ብቻውን አይከላከልም፤ ምክንያቱም ሲተኙበት ጥጡ ይጨፈለቃል። ቆዳ የሚነካው ልብስ ከጥጥ የተሠራ አይሁን፤ በላብ ከራሰ ሰውነት ላይ አይደርቅም። ሱፍ ወይም ስፖርት ጨርቅ፣ በላዩ ወፍራም ጃኬት፣ ከዚያ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፤ ጓንት፣ ኮፍያና ለሌሊት ብቻ የሚቀመጥ ደረቅ ካልሲ ይጨምሩ። ስልክና የእጅ ባትሪ ከረጢቱ ውስጥ አብረው ይደሩ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

መንገዱም ላይ ውርጩ ይሠራል። ወደ ራስ ደጀን ከአምቢቆ የሚነሱት ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ 1,330 ሜትር ገደማ ዳገት አለ፤ ደርሶ መልሱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። የመጨረሻው ድንጋይ በእጅ ተይዞ የሚወጣ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው እርጥበት ሌሊት ስለሚረጋ ጥላ የሆነው ገጽ እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ያንሸራትታል። የእጅዎን መያዣ ከመደገፍዎ በፊት ይፈትኑት፤ ፀሐይ እስኪነካው 20 ደቂቃ መቆም ያዋጣል።

በበጋ ውሃና እሳት ቀላል ነው ብሎ ማሰብ

ከየካቲት በኋላ ትናንሽ ምንጮች ይደክማሉ። በቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ይያዙ፤ ቀጣዩ ውሃ የት እንዳለ ከበቅሎ ነጂው ሳያረጋግጡ አይነሱ። ውሃው ቢጠራም ከላይ ከብት ይሰማራበታል። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በዚሁ ምክንያት ምስርና ባቄላ ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ይዞ መውጣት ነዳጅ ይቆጥባል።

እንጨት አይልቀሙ፣ የተከፈተ እሳትም አያንድዱ። ጓሳውና አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በመጋቢት ደርቆ ለክብሪት ይደርሳል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ደርሷል። ምድጃ ይዘው ይሂዱ፤ የቡቴን ጋዝ በውርጭ ስለሚደክም ጣሳውን ሌሊት ከብርድ ይጠብቁት።

የቧሂት ቁልቁለት በደረቅ ወራት ጠጠር ነው። ድንጋዩ በውርጭና በፀሐይ ተፈረካክሶ፣ ያያዘው አፈር ሲደርቅ እንደ ጥራጥሬ ይንከባለላል። ተራርቀው ይውረዱ፤ ከላይ ያለው ሰው የነካው ድንጋይ ታች ያለውን ይመታል።

ሰማዩ ስለጠራ መቸኮል

መኪና ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ስለሚወስድ ጥሩ ወር ላይ ሰው ቀን መቀነስ ይፈልጋል። ከባሕር ጠረፍ ከተማ አውሮፕላን ተሳፍሮ በማግስቱ 3,620 ሜትር ላይ የሚያድር ሰው ግን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊጠብቀው ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ጎንደር ወይም ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃ በር (3,250)፣ ግጭ (3,600)፣ ጨነቅ፣ ከዚያ አምቢቆ (3,200) ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል፤ ግን ሐኪም አማክረው ይውሰዱ።

የሚወስኑት ጨነቅ ላይ ነው። ከጨነቅ በመኪና መውረድ ይቻላል፤ አምቢቆ ከደረሱ በኋላ ግን በእግር ለመመለስ ቧሂትን በ4,200 ሜትር እንደገና መሻገር አለ። ጨነቅ ላይ ራስ ምታቱ በእንቅልፍና በማስታገሻ ካልለቀቀ አይቀጥሉ። ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ወይም ግራ መጋባት ከታየ እስኪነጋ ሳይጠብቁ የታመመውን ሰው ቢያንስ 500 ሜትር ያውርዱት።

የድሮ ጽሑፍ ይዞ መሄድ

የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ከመንደሩ እንቁላልና ዳቦ ይገዛል የሚል ማስታወሻ ካለዎት ይተውት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዶችን ስለሚዘጋ ከጎንደር ከመነሳትዎ በፊት የዚያን ሳምንት ሁኔታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። እዚያው ሲመዘገቡና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ አጃቢ) ሲመደብልዎ ባለፉት ሦስት ቀናት ከላይ የወረደ በቅሎ ነጂ ያፈላልጉ፤ መሸሃ የት ድረስ ደርሷል፣ ጭቃው በቅሎ ይውጣል ወይ፣ ከጨነቅ በላይ ውሃ አለ ወይ ብለው ይጠይቁት። ዝናብ ካለ ልብስዎን በፌስታል ጠቅልለው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያስጭኑ፤ ማዳበሪያው ብቻውን ውሃ ያስገባል።