እርሾን መድኃኒት ለማሠራት ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው ኮአርተምን ያውቀዋል። የመድኃኒቱ መነሻ የሆነው አርቴሚሲኒን የሚገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለ ተክል ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄይ ኪስሊንግና ባልደረቦቹ የዳቦ እርሾ የአርቴሚሲኒንን ቀዳሚ ውህድ፣ አርቴሚሲኒክ አሲድን፣ እንዲሠራ አደረጉ፤ ያኔ ምርቱ በሊትር 100 ሚሊግራም ገደማ ነበር። በ2013 አሚሪስ የተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች በሊትር 25 ግራም አደረሱት። ይህን መንገድ ለሚጀምሩ ተማሪዎች ሁሉ ደጋግሜ የምነግራቸው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የተሠራውን ሥራ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው የተክሉን ጂን ካስገባ በኋላ ነገሩ ያለቀ ሲመስለው ነው። እርሾ የራሱ ኑሮ አለው። አርቴሚሲኒን የሚነሳበትን ፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት የተባለ ሞለኪውል እርሾውም ይፈልገዋል፤ መጀመሪያ ስኳሊን የተባለ ቅባት፣ ቀጥሎም ከእሱ ኤርጎስትሮል ይሠራበታል፤ ያለ ኤርጎስትሮል ደግሞ የሕዋሱ ሽፋን አይጸናም። አዲሱ ኢንዛይም ቢገባም ጥሬ ዕቃው በለመደው ቦይ ይፈሳል። ወደ ስኳሊን የሚወስደውን ኢአርጂ9 የተባለ ጂን ቆርጦ መጣል አይቻልም፣ እርሾው ይሞታል። መፍትሔው ጂኑን ሳያጠፉ ማዳከም ሆነ። መጀመሪያ ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲጨመርበት የሚዳከም ፕሮሞተር፣ ማለትም ጂኑን የሚያበራና የሚያጠፋ የዲኤንኤ ክፍል፣ ተተከለለት። ሜቲዮኒን ለትልቅ ምርት ውድ ስለሆነ በኋላ ርካሽ በሆነው የመዳብ ሰልፌት የሚታዘዝ ፕሮሞተር ተተካ። እንዲህ ያለውን የዋጋ ጥያቄ ገና ጂን ሲነድፉ ማንሳት ያስፈልጋል።

ኢንዛይም በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል ማለትም ያሳስታል። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ውህዱን ኦክሲጅን የሚያስይዘው ሳይቶክሮም ፒ450 የተባለ ኢንዛይም ኤሌክትሮን የሚቀበለው ሪዳክቴዝ ከተባለ አጋሩ ነው። አጋሩ ከመጠን ሲበዛ ኤሌክትሮኑ ወደ ኦክሲጅን እያፈተለከ ሕዋሱን የሚጎዱ ውህዶች እንደሚፈጥር ይታሰባል፤ እርሾዎቹም ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ሪዳክቴዙ እንዲቀንስ ተደረገ፣ ኤሌክትሮን በማቀበል የሚያግዘው ሳይቶክሮም ቢ5 የተባለ ፕሮቲን ተጨመረ። ከተክሉ የተገኙ ዲሃይድሮጅኔዝ የተባሉ ሁለት ኢንዛይሞችም ገብተው በመካከል የሚፈጠረውን አልዲሃይድ የተባለ ውህድ ሳይጠራቀም ወደ አሲድ እንዲለውጡት ተደረገ። ምርቱን ካሳደጉት ለውጦች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው።

የእርሾውን ዝርያ በእጅ ስለተገኘ ብቻ አይምረጡ። ቡድኑ ኤስ288ሲ ከተባለው ዝርያ ወደ ሲኢኤን ፒኬ2 ተሻግሯል።

በብልቃጥ የታየ ውጤት ፈርመንተር በተባለው ትልቅ የማብላያ ጋን ውስጥ ይደገማል ብሎ መተማመንም አደገኛ ነው። እርሾ ስኳር ከበዛለት ኦክሲጅን እያለም አልኮል ይሠራል፤ ስኳሩ የምንፈልገውን ሳይሆን አልኮልን ይመግባል። ስለዚህ ስኳሩ ቀስ እየተባለ፣ እርሾው በሚጨርሰው ልክ ይሰጣል። ከክሮሞዞም ውጭ በሚኖር ፕላዝሚድ በተባለ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ የተጫነ ጂን ደግሞ ከትውልድ ትውልድ ሊጠፋ ስለሚችል ለረጅም ምርት ክሮሞዞም ውስጥ ማስገባቱ ይሻላል።

የምርቱን መውጫ አለማሰብ ሌላው ጉድለት ነው። አርቴሚሲኒክ አሲድ ከሕዋሱ ወጥቶ ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት የተባለ ዘይት ፈርመንተሩ ውስጥ ጨምረው አሲዱ በዘይቱ እንዲሟሟ አደረጉ፤ ከዚያ መለየቱ ቀለለ።

ገበያውን መጨረሻ ላይ መጠየቅ ግን ከሁሉም ይከፋል። ሳኖፊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በጣሊያን ጋሬሲዮ በነበረው ፋብሪካው ከእርሾው አሲድ የተሠራውን አርቴሚሲኒን ያለ ትርፍ በኪሎ ከ350 እስከ 400 ዶላር አቀረበ። በዚያን ጊዜ ከተክሉ የሚወጣው አርቴሚሲኒን ዋጋ በኪሎ ከ250 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ፋብሪካው በ2015 አንድም ኪሎ አላመረተም፣ በኋላም ተሸጠ። ለወባ ሕሙማን ተብሎ የተደከመበት ሥራ እንዲህ መቆሙ ያሳዝነኛል። ከዚያው ከፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት የሚሠራው ፋርኔሲን ግን ገዢ አገኘ፤ ከእሱ የሚሠራው ስኳላን (ከስኳሊን የተለየ ዘይት) የፊት ቅባቶች ውስጥ የሚገባ ሲሆን፣ ቀድሞ በብዛት ከሻርክ ጉበት ዘይት ይሠራ ነበር።