ደብረ ብርሃን የውጭ ተማሪ ለመቀበል
ዩኒቨርሲቲያችሁ ለውጭ ተማሪ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ወረቀቱን አስተካክሉ። በመግቢያ ደብዳቤው ላይ የተማሪው ስም እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይስፈር፤ የቤተሰቡን ስም በአባት ስም ቦታ ካስገባችሁት ቪዛው ሊጓተት ይችላል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «መስከረም 2018» ብቻ ካላችሁ አመልካቹ ያለፈ ዘመን ይመስለዋል። ሰዓትም እንዲሁ፤ «2 ሰዓት ጠዋት» ለእሱ ሌሊት ነው።

ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ማስረጃው) ላይ የየኮርሱን ክሬዲት በአውሮፓው መለኪያ አሳዩ፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ነው። ይህ ከጎደለ የልውውጥ ተማሪው አገሩ ሲመለስ የተማረው ላይቆጠርለት ይችላል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ቦሌ ድረስ መኪና ላኩ። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አፍሪካ ሁሉ ሞቃት የሚመስለው እንግዳ የኅዳርን ውርጭ በስስ ሸሚዝ ይገጥመዋል። ወፍራም ልብስ እንዲይዝ ቀድማችሁ ጻፉለት፤ አልጋው ላይም ሁለት ብርድ ልብስ ይጠብቀው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ለዚህ ሰበብ አይገኝም።