ቀስ እያለ የሚተነፍስ የባለአራት ጎማ ሞተር ጎማ

በየሁለት ቀኑ ከመንፋት የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ይሻላል። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ሳያልፉ ይንፉት፤ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠው ቫልቩን፣ ጥርሱንና ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ በሙሉ ይቀቡ። አይቸኩሉ፤ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ቀዳዳ ትልልቅ አረፋ አያወጣም። ከደቂቃ በኋላ ነጭ ክሬም የሚመስል ጥቃቅን አረፋ ነው የሚሰበሰበው።

ቫልቩ አፍ ላይ ከታየ ውስጠኛውን መርፌ ማጥበቅ ወይም መቀየር ነው። ጥርሱ ላይ ከሆነ በላስቲክ ገመድ ይወተፋል። ብዙ ጊዜ ግን ጣጣው ቸርኬው ጠርዝ ላይ ነው፦ የእነዚህ ጎማዎች ግፊት ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ስለሆነ ጎማው ጠርዙን የሚጫነው በትንሽ ኃይል ነው፤ የደረቀ ጭቃ ወይም ዝገት ከገባበት ንፋስ ያመልጣል። ጎማውን ከጠርዙ አላቀው ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ። የጎማውን ከንፈር፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን የጎማውን ጠርዝ፣ ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፤ ሽቦው ላስቲኩን ይቦጫጭርና ሌላ ማፍሰሻ ይከፍታል። ሲደርቅ የጠርዝ ማሸጊያ ማስቲሽ በስሱ ቀብተው መልሰው ይንፉ።

ግፊቱን በመኪና መለኪያ አይለኩ፤ እዚህ ዝቅታ ላይ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ይያዙ።